እስያ ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር፦ መጀመሪያ ዲግሪው፣ ከዚያ ትኬቱ

በመንገደኞች ክትባት ክፍል የምንሠራ ነርሶች የልጆቻችንን የጉዞ ዕቅድ አንዳንዴ ከወላጆቻቸው ቀድመን እንሰማለን። ከሠራዊት የተሰናበተ ወጣት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሲሰጠን «ወዴት ነው ጉዞው? ለስንት ጊዜ?» ብለን መጠየቅ ሥራችን ነው፤ የሚሰጠው ክትባት በአገሩና በቆይታው ርዝመት ይወሰናልና። ድሮ መልሱ «ታይላንድ፣ ሦስት ወር፣ ለሽርሽር» ነበር። አሁን አሁን «አንድ ዓመት፣ እንግሊዝኛ ላስተምር» የሚሉንም መጥተዋል።

በቅርቡ አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። (ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይረናል።) በስልኳ ያየችውን ማስታወቂያ አሳየችን፤ የባሕር ዳርቻ፣ ሰሌዳ፣ የሚስቁ ሕፃናት። ከሥሩ «ዲግሪ አያስፈልግም፣ ልምድ አያስፈልግም፣ እንግሊዝኛ መናገር ብቻ ይበቃል» ይላል። በዙም ለሚሰጠው የአስተማሪነት ኮርስ 3,900 ሸቅል በ12 ክፍያ ከአራት ቀን በፊት ፈርማለች። ክሬዲት ካርዱ የእናትየው ነው። እናትየው ከመካከላችን አንዷን ጠጋ ብለው በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው? እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» አሉ።

ውጭ ወረፋ ነበርና የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር። ረጅሙን እዚህ እንጻፈው፤ ካርዳቸውን ለልጆቻቸው የሚሰጡ ብዙ ወላጆች ይህን ገጽ ያነባሉና።

ሥራው በራሱ ውሸት አይደለም። በኮሪያ፣ በጃፓን፣ በቻይና፣ በቬትናምና በታይላንድ እንግሊዝኛ እያስተማሩ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ውሸቱ «ማንም ይችላል» የሚለው ላይ ነው። የእነዚህ አገሮች የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች ከመምህሩ አፍ የሚወጣውን እንግሊዝኛ ከመስማታቸው በፊት ሁለት ነገር ያያሉ፤ ፓስፖርቱንና ዲግሪውን።

ደቡብ ኮሪያን እንውሰድ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ መኖሪያ ቤትም ብዙ ጊዜ ከአሠሪው ስለሚሰጥ ወጣቶች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ እሷ ነው። ነገር ግን ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ መምህር ቪዛ ለእንግሊዝኛ የሚሰጠው ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒው ዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። እስራኤል በዝርዝሩ የለችም። ልጃችሁ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ቢጠጣውም ለዚህ ቪዛ የእስራኤል ፓስፖርቱ አያስገባውም። ይህን ማስታወቂያው አይናገርም፤ ኮርሱን የሚሸጠው ሰው ግን ያውቀዋል።

ቻይናም ብዙ የተለየች አይደለችም። ለእንግሊዝኛ መምህርነት በደንቡ የምትፈልገው ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውና ወይ የሁለት ዓመት ልምድ ወይ የማስተማር ሰርተፊኬት የያዘ ሰው ነው። በዚያ ላይ በ2021 የቻይና መንግሥት የተማሪዎችን ጫና ለመቀነስ ብሎ በትምህርት ቤት የሚሰጡ ዋና ዋና ትምህርቶችን፣ እንግሊዝኛንም ጨምሮ፣ ለትርፍ የሚያስጠኑ ድርጅቶችን ከለከለ። ትልልቅ የማስጠኛ ኩባንያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተዳከሙ፤ ብዙ መምህራንም ሥራ አጡ። ዛሬም «ቻይና መምህር ትፈልጋለች» የሚል የቆየ ማስታወቂያ ሲዞር እናያለን። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ የተገኘ አስተማሪ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጉዳዩ ከበድ ካለ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፣ ሊባረርም ይችላል። ጃፓንም ለሥራ ቪዛው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ትጠይቃለች፤ ብዙዎቹ ቀጣሪዎች ደግሞ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተማረ ሰው ይፈልጋሉ። የእኛ ልጆች የተማሩት በዕብራይስጥ ነው።

የሚቀሩት ታይላንድና ቬትናም ናቸው። እዚህ በሩ ለእስራኤላዊ ተዘግቷል አይባልም፤ ግን ዲግሪ ይጠይቃል። በቬትናም የቋንቋ ማዕከል ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለፈቃዱም የመጀመሪያ ዲግሪና የማስተማር ሰርተፊኬት መቅረብ አለበት። በታይላንድም ተገቢው ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና ዲግሪ ይጠየቃል፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ደግሞ የቋንቋ ፈተና ውጤት ይጨመርበታል። ዲግሪው በየትኛው ትምህርት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጨነቁም። የነርስ፣ የማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ብቻ ዲግሪ ይሁን።

ገንዘቡስ? የታይላንድ ትምህርት ቤቶች ለውጭ አገር መምህር ብዙ ጊዜ ከ30,000 እስከ 40,000 ባት በወር ያስተዋውቃሉ። ይህ በግምት ከ3,000 እስከ 4,000 ሸቅል መሆኑ ነው። እዚያ ኑሮው ርካሽ ስለሆነ ያኖራል፤ እዚህ ላለ ዕዳ መክፈያ ወይም ለቤት መግዣ የሚተርፍ ግን አይደለም። ይህም ለተመረጡት ነው። ጎበዝ መምህራን የሆኑት ፊሊፒናውያን ለተመሳሳይ ሥራ ከዚያ ያነሰ እንደሚከፈላቸው በአገሩ የታወቀ ነው።

ይህን ካነሣን ዘንድ አንድ ደስ የማይል ነገርም እንናገር። በእስያ የብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ፎቶግራፍ ይጠይቃል። ቀጣሪው ለወላጆች የሚሸጠው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የመምህሩን መልክም ነው፤ በብዙዎቹ ዘንድ «የእንግሊዝኛ መምህር» ማለት ነጭ ፊት ማለት ነው። ጥቁር አሜሪካውያንና ጥቁር ብሪታንያውያን፣ ፓስፖርታቸው ተሟልቶ፣ ፎቶግራፋቸው ከታየ በኋላ መልስ እንዳጡ በተደጋጋሚ ተናግረዋል። ሁሉም አገር፣ ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ ነው አንልም፤ ደስ ብሏቸው የሠሩም አሉ። ነገር ግን ልጆቻችን እዚህ አገር በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስንት ነገር ካዩ በኋላ ያው ነገር እዚያ ሊጠብቃቸው እንደሚችል ሳይነገራቸው ገንዘብ መቀበል ነውር ነው እንላለን። ለጓደኛዋ ሥራውን ያስገኘላት ማስታወቂያ ለእሷም ያስገኛል ማለት አይደለም።

ዲግሪ ለሌለው ልጅ እንግዲህ የሚቀረው በቱሪስት ቪዛ ገብቶ በድብቅ መሥራት ነው። «ብዙ ሰው ያደርገዋል» ይሉናል። አዎ፣ ያደርገዋል። ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ካልተከፈለው ግን ለማን ይከሳል? ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ያለ ፈቃድ ስሠራ ገንዘቤን ከለከሉኝ» ሊል አይችልም። ቢታመምም ቢጎዳም ያው ነው። የጉዞ መድን ውሎችን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ለሽርሽር እንጂ ለሥራ የተጻፉ አይደሉም፣ ትክክለኛ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ሞተር ሳይክል ሲነዳ የወደቀንም አይሸፍኑም። ታይላንድና ቬትናም ደግሞ ሰው ወደ ሥራው የሚሄደው በሞተር ሳይክል ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2025 መጀመሪያ በታይላንድ ድንበር ላይ ካለችው የምያንማሯ ምያዋዲ አካባቢ፣ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ውስጥ ተይዘው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ወጡ። ከመካከላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ የሄዱት «ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ሥራ አለ፣ እንግሊዝኛ መቻል ይበቃል» ተብለው ነው። ከባንኮክ በመኪና ተወስደው ድንበር ተሻገሩ፤ ፓስፖርታቸው ተቀማ፣ የታዘዙትን ያህል ካላጭበረበሩ ይደበደቡ ነበር። አዲስ አበባና ጎንደር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ እንዲህ ዓይነት ሥራ ደውለው ምክር ሲጠይቁን «ሞክሩት» ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ። ቀጣሪው የትምህርት ቤቱን ስምና አድራሻ ካልሰጠ፣ የሥራ ቪዛውን ከመነሣታችሁ በፊት ካላሰጨረሰ፣ ወይም ትኬቱን ራሱ ከፍሎ «ኤርፖርት የሚቀበላችሁ ሰው አለ» ካለ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያብቃ።

ወደ ሙያችን እንመለስ፤ የምንታማው በእሱ ነውና። አንድ ዓመት ከሕፃናት ጋር ክፍል ውስጥ የሚውል ሰው የሚያስፈልገው ክትባት ሁለት ሳምንት ባሕር ዳር ከሚተኛ ቱሪስት ይለያል። ሁለቱን የኩፍኝ ክትባቶች መውሰዱን፣ የትክትክና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱ መሟላቱን እናያለን። የእብድ ውሻ በሽታና የጃፓን ኢንሴፋላይትስ የሚባለው የትንኝ በሽታ ክትባቶች ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሰጡ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት መምጣት ይሻላል፤ ብዙዎቻችሁ ግን በረራው ነገ ሊሆን ዛሬ ትመጣላችሁ።

የሥራ ቪዛ ደግሞ የራሱ ምርመራ አለው። ቻይና የደረት ራጅና የደም ምርመራ ትጠይቃለች፣ ኤችአይቪና ቂጥኝንም ጨምሮ። የታይላንድ የሥራ ፈቃድ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የሳንባ ነቀርሳ አለመኖሩ ነው። ኮሪያ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራም ታደርጋለች፤ ታይላንድ በ2022 ማሪዋናን ከአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝሯ አውጥታ በ2025 መልሳ ብትገድበውም «እዚያ እኮ ይፈቀዳል» ብሎ የተዝናና ሰው በሌላ አገር ምርመራ ላይ ሊያዝ ይችላል። እኛን በተለይ የሚነካን የሳንባው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ተወልደው ከመጡት ውስጥ የማንቱ ምርመራቸው ያበጠ፣ በልጅነታቸው የመከላከያ ክኒን ለወራት የዋጡ፣ ወይም ራጃቸው ላይ የቆየ ጠባሳ ያላቸው ብዙ ናቸው። ያ ጠባሳ በሽታ አይደለም፣ አያስተላልፍም። ባንኮክ ወይም ሻንጋይ ያለ ሐኪም ግን ወረቀት ካላየ ይህን በምን ያውቃል? የድሮውን ራጅና ሕክምናው መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከኩፓት ሆሊም ወይም ከሊሽካት ሃብሪኡት በእንግሊዝኛ አስጽፎ መያዝ ቪዛውን ከመነፈግ ያድናል። ይህን በምንም የኮርስ ማስታወቂያ ላይ አላየነውም።

ቢቱዋህ ለኡሚም አይረሳ። ውጭ አገር የሚቆይ ልጅ የእስራኤል ነዋሪ ተብሎ እስከተቆጠረ ድረስ በየወሩ የመድንና የጤና ክፍያውን መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ ዕዳው በስሙ ይጠራቀማል፣ ደብዳቤውም እናንተ ቤት ይመጣል። ለዓመታት ቆይቶ ነዋሪነቱ ከተቋረጠ ደግሞ ሲመለስ የጤና አገልግሎቱን እስኪያገኝ የጥበቃ ጊዜ ሊኖርበት ይችላል። ሳይነሣ ጠይቆ፣ ክፍያውን በባንክ ቀጥታ አድርጎ መሄድ ነው።

አሁን ስለ ኮርሱ። ቴፍል የሚባለው ሰርተፊኬት ባለቤት የለውም፤ ማንም ድርጅት በራሱ ስም አትሞ ሊሸጠው ይችላል። አንዱ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ያልቃል፣ ሌላው ወራት ይፈጃል። በኬምብሪጅ ስር የሚሰጠው ሴልታ ቢያንስ 120 ሰዓት ነው፣ ከዚያም ውስጥ ስድስት ሰዓት ከእውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ እየታዩ ማስተማር አለበት። ሰርተፊኬት ገዝታችሁ ከሆነ «ተማሪ ፊት የምቆመው ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ዜሮ ከሆነ የገዛችሁት ቪዲዮ ነው።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ኮርስ በሸማቾች ጥበቃ ሕግ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ ትምህርቱ ሊጀመር ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ሲቀረው መሆን አለበት። የስረዛው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከመጡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ኦሊም፣ ሻጩ በቃል ወይም በጽሑፍ አነጋግሯቸው የገዙ እንደሆነ፣ ጊዜው እስከ አራት ወር ይረዝማል። የተቀረጹ ትምህርቶችን ከፍታችሁ ካያችሁ ግን ሻጩ ይከራከራችኋል፤ ሳትወስኑ አትክፈቱ። ስረዛውን በቃል ብቻ አትተዉት፣ በኢሜይል ይሁን። ደግሞም በአገራችን የግል የሥራ አገናኝ ቢሮ ሥራ ስላስገኘ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። «የምዝገባ»፣ «የፋይል መክፈቻ» ቢሉትም ያው ገንዘብ ነው።

እስካሁን ያልነው አትሂዱ እንደማለት እንዳይሰማ። እኛ የምንከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። እንግሊዝኛ ለእኛ ሰዎች የቆየ ቁስል ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ሆኖ በመጨረሻ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ የሚያስጠና የለም፣ ለግል አስተማሪ የሚከፈል የለም። በባግሩት ሦስት የሒዶት ይዞ የወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይቆማል። ፕሲኮሜትሪው ከሦስቱ ክፍሎች አንዱ እንግሊዝኛ ነው። ነርስነት ስንማር የሚነበበው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ከአናቶሚው ይልቅ ከእንግሊዝኛው ፕቶር ለማግኘት ብዙ ታግለናል። ስለዚህ አንድ የእኛ ልጅ «እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚያበቃ ችሎታ አለኝ» ሲል ስንሰማ ልባችን ይሞላል። ግን ያ ችሎታ ለባንኮክ የግል ትምህርት ቤት በድብቅ፣ በወር 3,000 ሸቅል የሚሸጥ ነው እንዴ? እዚህ አገር የእንግሊዝኛ መምህራን እጥረት በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይወራል። በአሽቀሎን፣ በቂርያት ማላኪ፣ በነታንያ የእኛ ልጆች በሚማሩባቸው ክፍሎች «መምህሯ ከእኛ ናት» የሚሉት የእንግሊዝኛ መምህር ስንት አለ?

ገንዘቡም አለ። የተሰናበቱ ወታደሮች ፒካዶን በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ ይወጣል፦ ለትምህርት፣ ለፕሲኮሜትሪ ዝግጅት፣ ባግሩት ለማሟላት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለንግድ፣ ለቤት። በነፃ የሚወጣው የስንብት ማዕናኩ ነው፤ ለጉዞው እሱ ይበቃል። እንግዲህ ማዕናኩን ይጓዝበት፣ ፒካዶኑን ይማርበት። ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ተማሪዎችን የሚረዳውን ሚንሃል ሃስቱደንቲም ሳይጠይቁ ደግሞ ማንም ለትምህርት ብድር አይውሰድ።

«ሦስት ዓመት ማን ይጠብቃል» የሚለው ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ ከሠራዊት የወጣ ልጅ አየር ይፈልጋል። ይሂድ፣ ሦስት ወር ይዙር፣ እንደ ቱሪስት ይዙር። በ26 ዓመቱ ዲግሪውን፣ ቲኡዳት ዮሸሩንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማረጋገጫ ይዞ ሲመለስባቸው ቬትናምም ታይላንድም እዚያው ናቸው፤ ያን ጊዜ ውሉን አንብቦ የሚፈርም ሰው ይሆናል።

ልጅቷ ኮርሱን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ክንዷን በጥጥ እንደያዘች፣ በኢሜይል ሰረዘች። 100 ሸቅል ቀነሱባት። እናትየው «ክትባቱስ? እሱም ይሰረዛል?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። አይሰረዝም፤ ለሦስት ወር ትሄዳለች። ለሁለተኛው የእብድ ውሻ ክትባት በሳምንቱ ስትመጣ ስለ ፕሲኮሜትሪው የምዝገባ ቀን ጠየቀችን። እናትየው ካርዳቸውን በቦርሳቸው ይዘው ነበር።